ከእስር የተፈቱ ሰዎችን የምንረዳ ትንሽ ድርጅት ነን፤ የመንግሥትን ገንዘብ እንቀበል ወይስ ይቅርብን?

አስተባባሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ያለ ነው፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

የምሠራው ከማረሚያ ቤት የሚፈቱ ሰዎችን በምትረዳ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ነው። ደመወዝ የሚከፈለን ሦስት ነን፤ የቀሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ሰውየው የሚፈታበትን ቀን እንጠይቃለን፣ በሩ ላይ እንቀበለዋለን፣ ያን ሌሊት የሚያድርበት እንፈልጋለን፣ መታወቂያ ሲያወጣ አብረነው እንሰለፋለን፣ ከዚያ ሥራ እናፈላልጋለን። ከቤተሰቡ ጋር ተቆራርጦ ከሆነ መሐል ገብተን እናነጋግራለን። አንዳንዱ ለወራት ስልክ እየደወለ ማውራት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ እሱም ሥራ ነው።

እስከ ዛሬ የኖርነው በመዋጮ ነው። ለእኛ ዓይነት ሥራ ደግሞ መዋጮ መሰብሰብ ከባድ ነው። ለሕፃናት ወይም ለሕሙማን ሲባል ወዲያው እጁን ወደ ኪሱ የሚሰድ ሰው፣ "ከእስር ለወጡ" ስትሉት ፊቱ ይለወጣል። የሰው ፊት እሳት ነው የሚባለው ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እዚህ ሥራ ውስጥ ነው።

አሁን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገንዘብ እንስጣችሁ ብሎናል። ውሉ የ1 ዓመት ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክፍያ የሚለቀቀው ግን በዓመቱ መጨረሻ፣ ከረዳናቸው ሰዎች ስንቱ ወደ እስር እንዳልተመለሰ ከታየ በኋላ ነው። ሌላም አለ። በየወሩ ስለ እያንዳንዱ ሰው በስሙ ሪፖርት እንድንልክ ይፈልጋሉ፤ የት እንደሚያድር፣ ከማን ጋር እንደሚውል ሳይቀር።

ቦርዳችን ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ "ይህ ዕድል እንዳያመልጠን" ይላል። ግማሹ ደግሞ በበላንበት መጮኽ እንጀምራለን ብሎ ይፈራል። ጎረቤቴን ሳማክራት ጭራሽ ሌላ ነገር አመጣች። "ሕግ አክብሮ የኖረ ሥራ አጥ ተቀምጦ፣ የእኔ ግብር ለወንጀለኛ ነው የሚሄደው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማለቴ በልቤ አለ፣ በአፌ ግን አልመጣልኝም።

በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ካላችሁ ምከሩኝ።

---

በሩን_የማውቀው

እህቴ፣ እኔ የበሩን ወዲያኛውን ጎን ነው የማውቀው። 6 ዓመት ታስሬ ወጥቻለሁ። ያለ ጥፋቴ አልታሰርኩም፣ በድያለሁ፣ እሱን አልክድም።

የተፈታሁት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ይህን ልብ በይ። ዓርብ ከሰዓት ማለት ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ለሁለት ቀን ተኩል የትኛውም ቢሮ ዝግ ነው ማለት ነው። መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበታል። መታወቂያ ከሌለህ አልጋ አታገኝም፣ ሲም ካርድ አታወጣም፣ ሥራ የሚቀጥርህ የለም። በእጄ የነበረው አንድ ፌስታል ልብስና የታሰርኩበት ጊዜ ማለቁን የሚገልጽ ወረቀት ብቻ ነው። እሱን ወረቀት ለማን ታሳያለህ? ያሳየኸው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ይሄዳል።

መንገድ ማቋረጥ እንኳን ፈርቼ ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። ለ6 ዓመት መቼ እንደምትበላ፣ መቼ እንደምትተኛ፣ የትኛው በር መቼ እንደሚከፈት ሌላ ሰው ሲወስንልህ ከርመህ በአንድ ቀን "በል ራስህን ቻል" ስትባል ጭንቅላትህ ይዞራል።

እሑድ ማታ ስልክ ተውሼ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። አላነሳም። በማግስቱ ያገኘኝ ማን መሰለሽ? ውስጥ አብሮኝ ታስሮ የነበረ፣ ከእኔ በፊት የወጣ ልጅ። መኝታ ሰጠኝ፣ አበላኝ፣ ልብስ ገዛልኝ። አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። በሳምንቱ "አንድ ትንሽ ሥራ አለች" አለኝ። ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ገብቶኛል።

ያን ጊዜ ያዳነኝ የእናንተን የመሰለ ድርጅት በጎ ፈቃደኛ ነው። አስቀድሞ ማረሚያ ቤት መጥቶ ስልክ ቁጥሩን ለብዙዎቻችን ሰጥቶን ነበር። ደወልኩለት፣ መጣ። አብሮኝ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ፣ በማግስቱ ለመታወቂያ አብሮኝ ተሰለፈ። በቃ ይኸው ነው። ስለዚህ ለጎረቤትሽ የምላት አንድ ነገር ነው፤ የሚፈታን ሰው ቀድሞ የሚደርስለት አካል ሁልጊዜ አለ። ጥያቄው ማን ይቅደም ነው።

ስለ ሪፖርቱ ግን በጣም እለምንሻለሁ፣ እንዳትቀበሉት። ያ ሰው የምነግረውን ሁሉ ጽፎ ለመንግሥት እንደሚልክ ባውቅ ኖሮ አንዲት ቃል አልተነፍስለትም ነበር። "አንድ ትንሽ ሥራ አለች" የተባልኩትን ጭራሽ አልነግረውም። ያን ባልነግረው ደግሞ ዛሬ የት እንደምሆን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

---

ከጠረጴዛው_ማዶ

እኔ ደግሞ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የመንግሥት ድጎማ የሚፈቅድ ክፍል ውስጥ ለ9 ዓመት ሠርቻለሁ። ምክሬ አጭር ነው፤ ገንዘቡን ተቀበሉ፣ ውሉን ግን እንዳለ አትፈርሙት።

"ውጤት ታይቶ ይከፈላል" የሚለው ነገር ሲሰማ ጥሩ ነው። እኛም ቢሮ ውስጥ ስናወራው ደስ ይለን ነበር። ግን ውጤቱ እስኪታይ ድረስ የሦስቱን ሠራተኞች ደመወዝ ማን ይክፈል? ትልቅ ድርጅት ይበደራል ወይም ካጠራቀመው ያወጣል። ትንሹ ድርጅት በአራተኛው ወር በሩን ይዘጋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሥራቸውን እጅግ አሳምረው የሚሠሩ ሰዎች ክፍያው ሲዘገይባቸው ተበትነዋል።

እንግሊዝ ውስጥ ይህን ነገር በደንብ ሞክረውታል። በ2010 ከፒተርቦሮ እስር ቤት የሚወጡ፣ ከ12 ወር በታች የተፈረደባቸው ወንዶችን የሚረዳ ፕሮግራም ተጀመረ። እነዚህ ሰዎች ሲፈቱ በዚያን ጊዜ በሕግ የሚከታተላቸው አካል አልነበረም። 17 ገንዘብ አቅራቢዎች፣ አብዛኞቹ ፋውንዴሽኖች፣ ወደ 5 ሚሊዮን ፓውንድ አስቀድመው አዋጡ። ሥራውን የሚሠሩት ድርጅቶች በዚያ ገንዘብ ደመወዛቸውን እየከፈሉ ሠሩ። ዳግም ጥፋተኛ የመባል ቁጥር በአጠቃላይ ቢያንስ 7.5 በመቶ ከቀነሰ መንግሥት ለገንዘብ አቅራቢዎቹ ከነትርፉ ይመልሳል የሚል ነበር ስምምነቱ። በ2017 ውጤቱ ሲነገር ከተመሳሳይ ሰዎች ጋር ተነጻጽሮ 9 በመቶ ቀንሷል፤ ገንዘባቸው ተመለሰላቸው። እዚያ ውጤቱ ባይመጣ የሚከስረው ገንዘብ ያለው ወገን ነበር። ለእናንተ የቀረበው ውል ግን ያን ሁሉ ሸክም በሩ ላይ በሚቆመው በጎ ፈቃደኛ ጫንቃ ላይ ነው ያደረገው።

እዚያው አገር ሌላም ተሞክሯል፣ ያኛው ግን አልተሳካም። ከ2014 ጀምሮ አነስተኛና መካከለኛ ስጋት አለባቸው የተባሉ ጥፋተኞችን ክትትል ለ21 ኩባንያዎች በውል አከፋፈሉት፤ ከክፍያው የተወሰነው በውጤት ነበር። ትናንሽ ድርጅቶች ሰፊ ድርሻ ይኖራቸዋል ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር፤ ብዙዎቹ ዳር ላይ ቀሩ። ውሎቹ ከታሰበው ጊዜ ቀድመው ተቋረጡ፣ በ2021 ክትትሉ ወደ መንግሥት እጅ ተመለሰ።

አንድ ሌላ አደጋ ልንገርሽ፣ ይህኛው ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ክፍያው "ስንት ሰው አልተመለሰም" በሚል ብቻ ከሆነ፣ ሳታስቢው ቀላል ቀላሉን መምረጥ ትጀምሪያለሽ። ቤተሰብ ያለው፣ ሙያ ያለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታሰረ ሰው ሲመጣ ደስ ይልሻል። አራት ጊዜ የታሰረው፣ ሱስ ያለበት፣ ማደሪያ የሌለው ሲመጣ ደግሞ "ይሄ ቁጥራችንን ያበላሽብናል" የሚል ሐሳብ ይመጣል። ክፉ ሰው ስለሆንሽ አይደለም፣ ውሉ ነው የሚገፋሽ። ድርጅታችሁ የተቋቋመው ግን ለዚያ ሰው ነው። ፒተርቦሮ ላይ ይህን ለመከላከል የቆጠሩት "ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም" የሚለውን ሳይሆን ስንት ጊዜ ዳግም ጥፋተኛ ተባለ የሚለውን ነው። በዓመት አሥር ጊዜ ይከሰስ የነበረ ሰው አንዴ ብቻ ከተከሰሰ ለውጥ አለ፤ ያም ይቆጠርላችሁ።

ስትደራደሩ ቢያንስ የ3 ዓመት ውል ጠይቁ። የ1 ዓመት ውል ማለት ሠራተኛ ቀጥረሽ፣ አሠልጥነሽ፣ ሥራውን ሲለምድ የምታሰናብቺበት ውል ነው። ክፍያው በየሩብ ዓመቱ በቅድሚያ ይሁን፤ የቢሮ ኪራይና ደመወዝም በግልጽ ይግባበት። ውጤት ላይ የተንጠለጠለ ክፍያ የግድ ካሉ፣ ትንሽ ጉርሻ ይሁን እንጂ ዋናው ደመወዝ አይሁን። በስም የሚላክ ሪፖርት የሚለውን ደግሞ ከወንድማችን ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ቁጥር ስጧቸው፦ ስንት ሰው ተቀበላችሁ፣ ስንቱ ቤት አገኘ፣ ስንቱ ሥራ ያዘ። ሒሳባችሁን ግን ወለል አድርጋችሁ አሳዩ፤ እያንዳንዷ ሳንቲም ኦዲት ትደረግ። የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ እዚያ ላይ መሽኮርመም አያስፈልግም።

---

ሁለቴ_የተዘረፈ

ይቅርታ፣ የሁላችሁም ሐሳብ ጥሩ ነው፣ ልቤ ግን አልተቀበለውም።

ቤቴ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። በሁለተኛው ልጆቼ ቤት ውስጥ ነበሩ። ትንሿ ልጄ ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ ትጮኻለች። አንድም ሰው መጥቶ "እንዴት ናችሁ" ያለን የለም። የት እንደምትታከም እንኳን የነገረን የለም። ሰውየው ሲፈታ ግን በሩ ላይ የሚጠብቀው ሰው አለ፣ ማደሪያ ይፈለግለታል፣ ሥራ ይፈለግለታል። እኛን ማን ጠበቀን?

እርዷቸው፣ አልቃወምም። በራሳችሁ ገንዘብ እርዱ። የመንግሥት ገንዘብ ከሆነ ግን ከእኔም ኪስ ነው የሚወጣው። ደሞ ይሠራል ትላላችሁ፣ መሥራቱ በምን ይታወቃል?

---

ቁጥር_አገላባጭ

ወንድሜ፣ በልጅህ ላይ በደረሰው በጣም አዝናለሁ። ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ስለዚህ በቀጥታ ልመልስ።

በመጀመሪያ፣ ለተጎዳ ሰው ድጋፍ ሊኖር ይገባል፣ ያውም ሳይለመን። ግን የአንተ ልጅ ሕክምና ያጣችው ለተፈታው ሰው ስለተሰጠ አይደለም። ለሁለቱም አልተሰጠም። ሁለታችሁን ባዶ መሶብ ላይ ማጣላት ፍትሕ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ቢሰጥም ባይሰጥም ከኪስህ ይወጣል። ሰውየው ሲመለስ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፍርድ ቤት፣ ዘብ፣ ቀለብ፣ ይህ ሁሉ በግብር ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ ሌላ ቤት ተዘርፏል። የእንግሊዝ መንግሥት በ2019 ባወጣው ግምት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከተለቀቁና ከተቀጡ ሰዎች መካከል ዳግም ወንጀል የፈጸሙት ለኅብረተሰቡ ያስከተሉት ወጪ 18.1 ቢሊዮን ፓውንድ ነበር። ተጎጂው ላይ የደረሰው ጉዳትም እዚያ ውስጥ ተቆጥሯል። ማለትም አንተ የከፈልከው ዓይነት ዋጋ።

ይሠራል ወይ ላልከው፣ አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም፣ አንዳንዱ እንዲያውም ያባብሳል። አሜሪካ ውስጥ ወጣቶችን እስር ቤት ወስዶ በእስረኞች ማስፈራራት በጣም ተወዶ ነበር። ጥናቶቹ ሲሰበሰቡ ሄደው ያዩት ልጆች ካልሄዱት ይልቅ ብዙ ጊዜ ወንጀል ውስጥ ገብተው ተገኙ። በጎ ሐሳብ ስለሆነ ብቻ ገንዘብ አይሰጠው የምለው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል፣ ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በ2013 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲያይ፣ እስር ላይ ሳሉ የተማሩ ሰዎች ካልተማሩት ይልቅ ከመቶ በ13 ያህል ያነሱት ወደ እስር ተመልሰዋል። ለትምህርቱ የወጣው እያንዳንዱ ዶላር በ3 ዓመት ውስጥ ከ4 እስከ 5 ዶላር የእስር ወጪ አድኗል። ይህ ከመፈታት በፊት ስለሚሰጥ ትምህርት ነው፣ ከተፈቱ በኋላ ስላለው ሥራ አይደለም። ስለ እሱ ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ ለተፈቱ ሰዎች ወዲያው ጊዜያዊ ሥራ የሚሰጥ ፕሮግራም በዕጣ ተለይተው በተመደቡ ሰዎች ላይ ተጠንቷል። ወደ ወንጀል መመለስ በይበልጥ የቀነሰው በተፈቱ በ3 ወር ውስጥ በመጡት ላይ ነው። ዘግይተው የመጡት ላይ ያን ያህል አልታየም።

ስለዚህ "በሩን የማውቀው" የተናገረው የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕይወትም ይቀጥፋሉ። በዋሽንግተን ስቴት ከ30 ሺህ በላይ የተፈቱ ሰዎችን ተከታትሎ በ2007 የወጣ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት አደጋቸው ከሌላው ሕዝብ 12.7 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። ዋናው ምክንያት ከመጠን ያለፈ አደንዛዥ ዕፅ ነበር።

ለአስተባባሪዋ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ውሉ ላይ "ተመለሰ" የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ አስጽፉ። ሰዎች የኖርዌይን 20 በመቶና የአሜሪካን 68 በመቶ ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያወዳድሩ አያለሁ። የኖርዌዩ በ2 ዓመት ውስጥ አዲስ ፍርድ ያገኙትን ነው የሚቆጥረው፤ የአሜሪካው በ3 ዓመት ውስጥ እንደገና በፖሊስ የተያዙትን ነው። ለየብቻ ናቸው። የእናንተ ሰው በጥርጣሬ ተይዞ በነጋታው ቢለቀቅ "ተመለሰ" ሊባልባችሁ ነው?

ለጎረቤትሽ ደግሞ ይህን ንገሪያት። ይህ ልመና አይደለም። የማንዴላ ሕጎች የሚባሉት፣ በ1955 ወጥተው በ2015 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ የተሻሻሉት የእስረኞች አያያዝ መመሪያዎች፣ ደንብ 90 ላይ የኅብረተሰቡ ግዴታ እስረኛው ሲፈታ አያበቃም ይላሉ። ደንብ 108 እየዘረዘረ ነው የሚሄደው፦ መታወቂያ፣ ማደሪያ፣ ሥራ፣ ለወቅቱ የሚስማማ ልብስ፣ መሄጃና ለመጀመሪያው ጊዜ መቆያ። አንቺ በጠዋት የምትሰለፊበት ነገር በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ። መንግሥት ሊያደርገው የሚገባውን ነው እናንተ እየሠራችሁለት ያላችሁት።

---

ሁለቴ_የተዘረፈ

እሺ። ባዶ መሶብ ላይ ያልከው ገባኝ። ንዴቴ አልወጣልኝም፣ አልዋሽም፣ ግን ሌላ ቤት እንዲዘረፍ አልፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቦርዳችሁ ውስጥ የተዘረፈ ወይም የተጎዳ ሰው አለ? ከሌለ አስገቡ። ቢያንስ ገንዘቡ ሲመደብ እኛንም የሚያስታውስ ይኖራል።

---

አስተባባሪዋ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ደጋግሜ ሳነብ ነው ያደርኩት።

ትናንት ቦርዱን ሰብስበን የጻፋችሁትን አነበብኩላቸው። እምቢ አንልም፣ እንደራደራለን ብለን ተስማማን። የ3 ዓመት ውልና የቅድሚያ ክፍያ እንጠይቃለን። "ተመለሰ" ማለት በፍርድ ቤት አዲስ ጥፋተኛ መባል ነው ተብሎ ይጻፍልን እንላለን፣ ስንት ጊዜ የሚለውም ይቆጠር። የሰው ስም አንሰጥም። አንድ ሰው ሌላውን ሊጎዳ መሆኑን ካወቅን ግን ዝም እንደማንል ለራሳቸው ለምንረዳቸው ሰዎች ገና በመጀመሪያው ቀን እንነግራቸዋለን፤ ይህን ያነሳው ከእኛው በጎ ፈቃደኞች አንዱ ነው፣ ትክክል መሰለኝ። የስሙን ነገር እምቢ ካሉ ገንዘቡ ይቅር፣ እንደለመድነው እንኖራለን።

ወንድሜ፣ ቦርዳችን ውስጥ የተጎዳ ሰው የለም። ለምን እስከ ዛሬ እንዳላሰብነው እኔም አላውቅም። ፈቃድህ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ገና ያልተስማማንበት አንድ ነገር አለ፤ ውሉ ውስጥ ከገንዘብ ሌላ ምን እንጠይቃቸው?

---

በሩን_የማውቀው

ቀኑን ጠይቂያቸው። ከሁሉ በፊት እሱን። አንድ ሰው ከመፈታቱ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ይነገራችሁ፣ ገብታችሁ እንድታናግሩትም ይፈቀድላችሁ። መታወቂያው እዚያው ውስጥ እያለ ይታደስለት።

ዓርብም አይፍቱ። እንግሊዞች በ2023 ለዚህ ሕግ አውጥተዋል፤ መፈቻው ዓርብ ላይ ከዋለ እስከ 2 የሥራ ቀን ቀደም ብሎ መልቀቅ ይቻላል። ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። እኔ ረቡዕ ጠዋት ብፈታ ኖሮ ያን ልጅ ጭራሽ አላገኘውም ነበር።